በጣት የተሄደባት ከተማዬ

የዩኒቨርሲቲያችን የስዕል ቡድን የሚሰበሰበው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ባዶ በሆነ የመማሪያ ክፍል ውስጥ ነው። አዲስ ተማሪ ቡድኑን ለመቀላቀል ሁለት ነገር ይጠበቅበታል፤ በእጁ የሳለውን የምናብ ከተማ ካርታ ማሳየትና በሌላ ሰው ካርታ ላይ እውነተኛ አስተያየት መስጠት። እኔ የፈራሁት የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። ሰው ማስደሰት አያቅተኝም፤ ሁለተኛው ይቀለኛል ብዬ ነበር።

ያኔ ከመካነ ብርሃን ለትምህርት ወደ ጎንደር ከመጣሁ ገና ሁለት ወር አልሞላኝም ነበር። ካርታዬ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ከተማዬ በገደል አናት ላይ የተሠራች፣ ዘጠኝ ግንብ ያላት፣ ከግንብ ወደ ግንብ በመስታወት ድልድይ የሚኬድባት ናት። ደረጃዎቿን በማስመሪያ አንድ በአንድ አስምሬያለሁ። ቡድኑ ሳይቀበለኝ ቢቀር አራቱን ዓመት በየትኛው ፊቴ በክፍሉ ኮሪደር እንደማልፍ አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ የተሰቀለው የቡድኑ ሰብሳቢ ካርታ ነው። የአርክቴክቸር ተማሪ፣ የጎንደር ከተማ ልጅ ነው። የሳለው በተራራ ሥር ወፎችና ሰዎች አብረው የሚኖሩባትን ከተማ ነበር።

«ምን ታያለሽ?» አለኝ።

«በጣም ሸጋ ነው።»

«ሌላስ?»

«ተራራውም ሸጋ ነው።»

«ሌላስ?»

«ሁሉም… ሸጋ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ከአይከል የመጣች አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ወደ እኔ ዞራ፣ «ምነው እቴ፣ ሰርግ የተጠራሽ መሰለሽ?» አለች።

ሰብሳቢው ግን አልሳቀም። «አስቢበት። ያንቺን ካየን በኋላ እንመለሳለን» አለኝ።

የቡድኑ አሠራር እንዲህ ነው። አስተያየት ሰጪው ወደ ከተማዋ ማን ሆኖ እንደገባ ይናገርና ጣቱን ካርታው ላይ አድርጎ ይጓዛል። ባለ ካርታው ደግሞ መልስ እንዳይሰጥ እርሳስ በጥርሱ ነክሶ ይቆማል። የእኔ ሲሰቀል እርሳሴን ነከስኩ። የአይከሏ ልጅ ተነሳች።

«እኔ በሁለት አህያ ጤፍ የጫንኩ ነጋዴ ነኝ» ብላ ጣቷን በምዕራቡ በር አስገባች። «እሰይ፣ ገባሁ። ገበያው የት ነው? እዚያ ላይ። በዚህ ልሂድ… ደረጃ። በዚያስ? ደረጃ። ከግንቡ ጀርባስ? ኧረ እሱም ደረጃ!»

«በመስታወት ድልድዩ ሞክሪ» አላት አንዱ።

«አህያ ከእግሩ በታች ገደል እያየ መቼ ይራመዳል?»

ጆሮዬ ጋለ። ገበያ ቀን ከአባቴ ጋር የተጫነ አህያ እየነዳሁ ያደግኩ ልጅ ነኝ። ደረጃውን የደረደርኩት ቤተ መንግሥት ያስመስልልኛል፣ የአገር ቤት መንገድ አይመስልብኝም ብዬ ነው። ከዓይኔ እንባ ሊወርድ ምንም አልቀረውም። ልጅቷ ግን ጣቷን አላነሳችም። አጎንብሳ በየጥጉ መውጫ ትፈልጋለች። «እዚህ ዳቦ ቤት አለ፣ ቆዩኝ ልብላ» ትላለች። ለካስ እውነትም ከተማዬ ውስጥ ገብታለች! ከእኔ በቀር ሰው ረግጧት አያውቅም ነበር። ሳቄ ሲያመልጠኝ እርሳሱም ከአፌ ወደቀ።

ወዲያው ሰብሳቢው እርሳሱን ነክሶ በእጁ ወደ ራሱ ካርታ ጠራኝ። ደፍሬ ብናገር ይቀየመኛል፤ ብፈራ ደግሞ ቡድኑ ውስጥ አልገባም። ጣቴን ገበያው ላይ አሳረፍኩ።

«እኔ ሽንኩርት ነጋዴ ነኝ። ወሩ ሐምሌ ነው» አልኩ። «ሽንኩርቴን ዘረጋሁ። ዝናብ መጣ።» ጣቴን ወደ ተራራው አወጣሁና እንደ ውሃው ቁልቁል አወረድኩት። አምስቱም መንገዶች ገበያው ላይ ይገናኛሉ፤ አንድም ቦይ የለም። «ሽንኩርቴ ሄደ።»

«እም! እም!» አለ ሰብሳቢው።

«አያ ሰብሳቢ፣ እርሳስህን ንከስ!» ጮኸች የአይከሏ ልጅ።

አልቻለም፤ አወጣው። «የወፎች ከተማ እኮ ናት! ወፎች ይበራሉ!»

«ወፎቹ ይበራሉ፤ ሽንኩርቱ ግን አይበርም» አልኩት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። እሱ በራሱ ጣት ከተራራው እስከ ገበያው ወረደ። «ይኼን ካርታ ስንት ጊዜ ቀባሁት፣ አንድ ቀን እንኳ ዝናብ አላዘነብኩበትም» አለና ራሱም ሳቀ። ከዚያ ጥቁር ቀለም ያለው ብዕር አቀበለኝ። «ቦዩን አንቺ አስምሪው።»

«የማይጠፋ ቀለም ነው እኮ። ብሳሳትስ?»

«ተሳሳቺ።»

ከተራራው ሥር ጀመርኩ። ሁሉም ከጀርባዬ ተሰብስቦ ትእዛዝ ይሰጠኛል። «ወደ ቀኝ!» «ኧረ ቀስ!» «በማን ጓሮ ልታሳልፊው ነው?» መስመሩ ትንሽ ጠመመ፣ ግን ገበያውን ዞሮ አለፈ።

«የሚቀጥለው ቅዳሜ ቀድመሽ ነይ» አለ ሰብሳቢው ብዕሩን እየተቀበለኝ። «ወንበር የሚደረድረው አዲስ አባል ነው።»

ወንበር ትደረድሪያለሽ ተብሎ የእኔን ያህል የተደሰተ ሰው ያለ አይመስለኝም።