ከነላስቲኳ ያረጀችው ሚኒባስ

ጥሩሰው ዕድሜውን የጨረሰው የሰው መኪና ሲነዳ ነው። በጎልማሳነቱ አሮጌ አውቶቡስ ይዞ ካቺሲ ድረስ ይመላለስ ነበር፤ በኋላ አይሱዙ ያዘ፤ በስተርጅናው ደግሞ የአንድ የአምቦ ነጋዴ ሚኒባስ ይዞ ጎጆ ወደምትባለው ከተማ ይወጣና ይወርድ ጀመር። ባለንብረቶቹ ይለዋወጣሉ፣ አንዱ ይከብራል፣ አንዱ ይከስራል፤ እሱ ከመሪው ኋላ እንደተቀመጠ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ የሰው መኪናም ጡረታ አያስከብር። ቀድመውት ያረጁ ሾፌሮች መናኸሪያ በር ላይ ቆመው የሻይ መግዣ ሲለምኑ አይቷል። ከዚያ በላይ የሚያስፈራው ነገር አልነበረም።

ስለዚህ በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት አምቦ ከአባቱ የወረሰውን ግቢ ግማሹን ሸጠና አዲስ አበባ ሄዶ አዲስ ሚኒባስ ገዛ። አዲስ ስል እውነተኛ አዲስ ነው፤ ማንም ያልነዳት፣ ወንበሮቿ ከነላስቲካቸው የተቀመጡ። ሻጩ ደግ ሰው ነበር መሰለኝ፣ "ምርቷ እንኳ የዛሬ ሁለት ዓመት ነው፤ እዚሁ ግቢ ቆማ ነው የከረመችው" ብሎ አልደበቀውም። ጥሩሰው ሳቀበት።

"ምርቷ ምን ያደርግልኛል? መኪና የሚያረጀው መንገድ ላይ ነው" አለው።

ሻጩም ሊከራከር አልፈለገም። ገዢ ራሱን ሲያሞኝ ሻጭን ምን ቸገረው?

ጥሩሰው ግን ይህን ያለው ለወሬ ማሳመሪያ አልነበረም። የጎጆ መንገድ መኪና ሲበላ ኖሮ አይቷል። በበጋ ድንጋዩ ባሌስትራ ይሰብራል፤ በክረምት ጭቃው ሞተር ያስለቅሳል፤ ሲገባ እንደ ሙሽራ ያማረ መኪና ዓመት ሳይሞላው እንደ ባዶ ጣሳ ይንኳኳል። እንግዲያው መንገድ ያልነካት መኪና አታረጅም ብሎ ደመደመ። ሲያስቡት እውነት ይመስላል። ሰው ራሱ ቤቱ ቁጭ ብሎ እንደሚያረጅ ግን ትዝ አላለውም።

ሚኒባሷን ግቢው አስገባና የቆርቆሮ ዳስ ሠራላት፤ ሸራ አለበሳት። መጀመሪያ "መንገዱ እስኪረጋጋ ነው" አለ፤ ያን ሰሞን መንገዱ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ይዘጋ ስለነበር ማንም አልፈረደበትም። መንገዱ ሲረጋጋ "ክረምቱ ይውጣ" አለ። ክረምቱ ሲወጣም አላወጣትም። በልቡ የያዘው ሌላ ነበር፤ ጉልበቱ ሲደክም ልክ እንደ አዲስ ይሸጣታል፤ በዋጋዋ የሚከራዩ ክፍሎች ይሠራል፤ ከባለቤቱ ከወርቅውሃ ጋር በዚያ ይጦራል። እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም፤ ጧሪያቸው ያቺ ሚኒባስ ነበረች። እስከዚያው ግን መብላት አይቀርምና ጥሩሰው አዲሲቷን ግቢው አቁሞ የነጋዴውን አሮጌ ሚኒባስ መንዳቱን ቀጠለ።

መናኸሪያ ያሉ ሾፌሮች መቀለጃ አደረጉት። "ጥሩሰው አዲሱን ጫማ በብብቱ ይዞ በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው ነው" ይሉታል። እሱ አይቆጣም፤ የሚስቅ ይሳቅ፣ በመጨረሻ ማን እንደሚስቅ አያለሁ ይል ነበር።

በየማለዳው ሥራ ከመግባቱ በፊት ሸራውን ይገልጥና ሞተሯን ያስነሳል፤ ባትሪዋ እንዳይሞት ነው። ከመሪው ኋላ፣ ላስቲኩ ላይ፣ እንደ እንግዳ ጠርዝ ይዞ ይቀመጣል። ስትሞቅ ያጠፋትና መልሶ ያለብሳታል። በአጥር የሚዋሰነው ጎረቤቱ ኦቦ ባይሳ ይህን ድምፅ ሲሰማ ይነሳል። "ሚኒባሷ ጸሎቷን አደረሰች፤ አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ ጥሩሰው?" ይለዋል ከማዶ፣ እየሳቀ።

ባይሳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሁለቱ ቤቶች የሚለያዩት በአጥሩ ብቻ ነበር። የባይሳ ሚስት ሃዋኒና ወርቅውሃ ጨውና ምሥጢር የሚበዳደሩ ወዳጆች ነበሩ፤ ወርቅውሃ በአንድ ወቅት አልጋ ይዛ ስትማቅቅ አጥባ ያበሰች፣ አጉርሳ ያሳደረች ሃዋኒ ናት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለውን ጥሩሰው በቤቱ አይቶታል።

በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ሐምሌ ላይ ሃዋኒ እህቷን ልትጠይቅ ጎጆ ሄደች። እዚያው እንዳለች ታመመች። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ባባራ ጊዜ ባይሳ ካፖርቱን ደርቦ ወደ ጥሩሰው ግቢ ገባ። የነጋዴው ሚኒባስ ካምቢዮው ወርዶ ጋራዥ ስለነበረች ጥሩሰው ያን ቀን ቤቱ ነበር።

"ጥሩሰው፣ ሃዋኒ ወድቃለች" አለው። "አንድ ጎኗ አልታዘዝ ብሏታል አሉኝ። ጤና ጣቢያው ቶሎ አምቦ ውሰዷት ብሏል። አምቡላንሱ ሌላ በሽተኛ ይዞ ሄዷል፤ መናኸሪያ ወደዚያ እወጣለሁ የሚል አንድ ሾፌር አጣሁ።"

ዓይኑ ሸራ የለበሰችው ሚኒባስ ላይ ነበር።

ጥሩሰው በዚያች ቅጽበት የታየው የሃዋኒ ፊት አልነበረም፤ የሐምሌ መንገድ ነበር። ጭቃው እስከ በሯ ሲደርስ፣ ድንጋዩ ሆዷን ሲፍቃት፣ ላስቲኩ በሰው እግር ሲቀደድ ታየው። መናኸሪያ በር ላይ የሚለምኑት ሾፌሮችም ታዩት። ክፉ ሰው ነው ብዬ ልገላገለው እችል ነበር፤ ክፉ አልነበረም። ፈርቶ ነው። ፍርሃት ግን ከክፋት የማይተናነስ ሥራ ይሠራል።

"ኦቦ ባይሳ፣ ባትሪዋ ሞቶብኛል" አለ።

"እንግፋት?"

"ብትገፋም አትነሳም።"

ባይሳ ሚኒባሷን አየ፣ ጥሩሰውን አየ። "እሺ። ዋቅኒ ቤካ፣ እግዜር ያውቃል" አለና ወጣ። ማታ ወርቅውሃ ከገበያ ተመልሳ ወሬውን ስትሰማ፣ "ታዲያ ያንተዋስ?" ብላ ጠየቀችው። ለእሷም ባትሪውን ነገራት። አመነችው። ከጋብቻቸው ጀምሮ ዋሽቷት አያውቅም ነበር።

ልማድ ክፉ ነው። በማግስቱ ማለዳ ጥሩሰው እንቅልፉ ከዓይኑ ሳይለቅ ወጣ፤ ሸራውን ገለጠ፤ ገባ፤ ቁልፉን አዞረ። ሞተሯ በአንድ ጊዜ ተነሳች። ያደረገው ነገር የገባው ድምፁ ግቢውን ከሞላው በኋላ ነው። ቢያጠፋት ያው፣ ባያጠፋት ያው። ከአጥሩ በላይ የባይሳ ባርኔጣ ይታይ ነበር። ባርኔጣው ጥቂት ቆሞ ቆየና ቀስ ብሎ ወደ ቤት ተመለሰ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የጥሩሰው ውሸት ከአንድ ሌሊት በላይ አላደረም።

ዞር ሲል ወርቅውሃ ደጃፉ ላይ ቆማለች።

በነጠላ ጫማው ሮጦ ባይሳ ቤት ሄደ። "ተነሳችልኝ፣ አሁኑኑ እንሂድ" አለ። ባይሳ የጫማውን ክር እያሰረ ነበር፤ ቀና አላለም።

"የጎጆ ሰዎች ሌሊቱን በቃሬዛ ተሸክመው አስፋልት አድርሰዋታል። ድንች የጫነ አይሱዙ ላይ ናት። ሆስፒታል በር ሄጄ ልጠብቃት ነው" አለ።

በእግሩ ሄደ። ሃዋኒ ሳምንት ሳትቆይ ሞተች። ሐኪሙ "ትናንትና ብትደርስ ኖሮ" ብሏል የሚሉ አሉ፤ አላለም የሚሉም አሉ። ጥሩሰው የትኛው እውነት እንደሆነ ጠይቆ አያውቅም። መጠየቁን ፈርቶታል።

ባይሳ ነገሩን ለማንም አላወራም። ለቅሶ ላይ የጥሩሰውን እጅ ጨበጠ፤ መንገድ ላይ ሲያገኘው "ናጋ" ብሎ ሰላም ይለዋል። ቢሰድበው በተሻለው ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን በግቢው በር አልገባም፤ ስለ ሚኒባሷ ጸሎትም አንድ ቀን አልቀለደም። ጥሩሰው ሞተሯን የሚያስነሳው ባይሳ ከቤት መውጣቱን በአጥሩ ቀዳዳ አይቶ ሆነ፤ በገዛ ግቢው እንደ ሌባ። ወርቅውሃም ሚኒባሷን በስሟ መጥራት ተወች። "ያች" ነው የምትላት።

እንዲህ ሆኖ ዓመታቱ አለፉ። በሁለት ሺህ አሥራ ሰባት የጥሩሰው ዓይን ደከመና መንጃ ፈቃዱን ሊያድስ ሄዶ መለሱት። ነጋዴውም ሌላ ሾፌር ቀጠረ። እንግዲህ የተጠበቀው ቀን ደረሰ ማለት ነው። ጥሩሰው ቱፋ የሚባለውን የመኪና ደላላ ጠራውና ሸራውን ራሱ ገለጠለት።

ቱፋ በሯን ከፍቶ ላስቲኩን ሲያይ አፉን ያዘ። "ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ይዞታ አይቼ አላውቅም" አለ። ቀጥሎ ጠየቀ። "ምርቷ የስንት ናት?"

"በፈረንጅ የሁለት ሺህ አሥራ ስምንት። ግን አልተነዳችም። ቆጣሪዋን እየው።"

"አየሁት ጋሼ። ገዢ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ምርቷን ነው። የገዛትም ሰው ነገ መሸጡ አይቀርም፤ ያኔም የሚጠየቀው ምርቷን ነው። ኪሎሜትሩ ጎጆ ጥቂት ወር ብትመላለስ ይሞላል። ዓመቷ ግን አብሯት የሚኖር ነው።"

"መኪና እኮ ተወድዷል" አለ ጥሩሰው።

"ተወድዷል። የእርስዎም ከእኩዮቿ ጋር ተወድዳለች። ከአዲሶቹ ጋር ግን አትሰለፍም። ለይዞታዋ ትንሽ ጣል ያደርጉልዎታል፣ በቃ።" ቱፋ ጎንበስ ብሎ ጎማውን በጥፍሩ ፋቀው፤ ደርቆ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቋል። "ይኼውና፣ ቆማ ጎማ ጨርሳለች። ባለፈው ወር በዚያው ዓመት የተመረተች አንድ ሸጬ ነበር፤ ጎጆ ስትመላለስ የኖረች፣ በሯ በሽቦ የታሰረ። በዋጋ ከዚህች ብዙም አላነሰችም። እሷ ደግሞ በመሀሉ ለባለቤቷ ቤት ሠርታለታለች።"

ጥሩሰው የተሰነጣጠቀውን ጎማ በእጁ ዳሰሰው። መንገዱን ብቻ ሲጠብቅ ዓመቱ በሌላ በር ገብቶ ኖሯል። ቱፋ ከወጣ በኋላ ወርቅውሃ ስለ ሚኒባሷ ለመጀመሪያ ጊዜ አፍ አውጥታ ተናገረች።

"የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" አለች። "የብብታችን ማን እንደነበረች ታውቃለህ።"

ያውቃል።

ገዢዎች መጡ፣ ሄዱ። ሁሉም ላስቲኩን ያደንቃሉ፤ ሁሉም ምርቷን ይጠይቃሉ፤ ሁሉም ዋጋ ጥለው ይወጣሉ። በመጨረሻ ቱፋ "የጋራ መኪና የሚፈልጉ ሰዎች አግኝቻለሁ፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይመጣሉ" ብሎ ላከ። እሑድ በሩ ሲንኳኳ ጥሩሰው ከፈተ። የሠፈሩ የእድር ሽማግሌዎች ናቸው፤ በሽተኛም ሬሳም የሚያመላልሱባት መኪና ሊገዙ። ከኋላቸው ባርኔጣውን በእጁ የያዘ ሰው ገባ። ባይሳ ነው፤ በዚያ ዓመት የእድሩ ዳኛ ሆኖ ተመርጧል።

ወርቅውሃ ወንበር አወጣች፤ ማንም አልተቀመጠም። ቱፋ ዙሪያዋን እያዞረ አሳያቸው። ገንዘብ ያዡ፣ ከሌላ ቀበሌ በቅርቡ ወደ ሠፈሩ የመጣ ሰው፣ ወንበሩን በመዳፉ ቸብ ቸብ አደረገ።

"ይኼማ አዲስ ነው እኮ" አለ። "ምርቷ የስንት ናት?"

ቱፋ ወደ ጥሩሰው ዞረ። ጥሩሰው መሬት መሬት አየ። መልሱን የሰጠው ባይሳ ነው፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም።

"ሃዋኒ የሞተች ጊዜ አዲስ ነበረች" አለ።

ገንዘብ ያዡ አንዱን አንዱን ሽማግሌ እያየ መዳፉን ከወንበሩ ላይ አነሳ። ሚኒባሷ በእኩዮቿ ዋጋ ተሸጠች፤ ጥሩሰው ለይዞታዋ ጭማሪ ቢጠይቅ ይሰጡት ነበር፣ አልጠየቀም። ቁልፉን ሲያስረክብ "ኦቦ ባይሳ" ብሎ ጀመረ፤ አልጨረሰውም። ባይሳ ቁልፉን ተቀበለውና ለሰዎቹ፣ "ላስቲኩን ዛሬውኑ አንሱት፤ በሽተኛ ያንሸራትታል" አላቸው።

እድሩ የራሱ ግቢ ስለሌለው መኪናዋ ባይሳ ግቢ አደረች። በማግስቱ ማለዳ ጥሩሰው እንደ ልማዱ ነቅቶ ወጣ። ዳሱ ባዶ ነው፤ መሬቱ ላይ የአራት ጎማዎቿ ምልክት ብቻ ቀርቷል። እዚያው እንደቆመ ከአጥሩ ማዶ ሞተር ተነሳ። ድምፁን ያውቀዋል። ስትሞቅ ያጠፏታል ብሎ ጠበቀ። አላጠፏትም። የባይሳ በር ሲከፈት ተሰማ፤ ከዚያ ድምፁ እየቀጠነ ወደ አስፋልቱ ሄደ።

ወርቅውሃ ነጠላዋን እያጣፋች ወጣች። "ማን ታሞ ነው?" አለች።

"እንጃ" አለ ጥሩሰው። "መሄዷን ብቻ ነው የሰማሁት።"