የኔ ቆሻሻ፣ የሱ ላብ

መጀመሪያ በግራ ብብቴ ስር ባቄላ የምታክል እብጠት ወጣች። ብጉንጅ መስላኝ በሙቅ ውሃ ተኮስኳት። ፈነዳች። ዳንኩ ስል በቀኝ ወጣ። ከዚያ ብሽሽቴ። የወር አበባዬ ሊመጣ ሲል ይብሳል። መግሉ ይሸታል። እጄን ማንሳት አቃተኝ።

ከባለቤቴ ጋር ሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ ማንያታ ሰፈር ሱቅ ነበረን። ከመሀል አገር የመጣን ነጋዴዎች በየወሩ በተራ የማርያምን ጽዋ እንጠጣለን። ተራዬ ሲደርስ ማኅበሩን የሚመሩት የባለቤቴ ታላቅ እህት እትዬ በላይነሽ «ንጽሕና የጎደለው ቤት ጽዋ አይገባም» አሉ፣ ሴቱ ሁሉ እየሰማ። ተራዬን ለሌላ ሰጡት። እኔ ቂሜን ያዝኩ። አንድ ቀን ከእጄ ተቀብለው ይጠጣሉ ብዬ ማልኩ።

ልጃቸው ዳዊት የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ቆይቶ እሱም ማጅራቱና መቀመጫው ላይ ቆሰለ። መግሉ እንደኔው ይሸታል። «ወንበሩ ነው፤ ልጄ እንጀራ ሲያሳድድ» አሉ እናቱ። የኔ ቆሻሻ፣ የሱ ላብ!

መቀመጥ ሲያቅተው፣ እኔ በዚያን ጊዜ መታከም ጀምሬ ነበርና፣ እትዬ ሱቄ ድረስ መጥተው ሐኪሜ ጋ እንድወስዳቸው ለመኑኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ዳዊት በደረቱ ተኝቶ ቁስሉ ሲታጠብ ጥርሱን ነክሷል፤ እናቱ ስዋሂሊ ስለማያውቁ ማስተርጎሙ የኔ ሆነ። ከኔው ጋር አንድ ነው ወይ ብዬ ሐኪሙን ጠየቅኩት።

«አንድ ነው፤ ሃይድራዴናይተስ ሰፑራቲቫ። በሴቶች ብዙ ጊዜ ብብትና ብሽሽት፣ አንዳንዴም ከጡት ስር ይወጣል። በወንዶች መቀመጫና ማጅራት ላይ ይበዛል። አይጋባም። ሲ ኡቻፉ።»

«ቆሻሻ አይደለም» ብዬ ተረጎምኩ። ያልሰሙ መሰሉ። ደገምኩላቸው። ከበሩ ስንወጣ «ይህንን ማኅበሩ ፊት ይናገሩታል፤ አለዚያ የዳዊትን ነገር እኔ አወራዋለሁ» አልኳቸው። ማስፈራራት ነበር። አልጸጸትም።

ሐኪሙ ያዘዘልኝን የዶክሲሳይክሊን እንክብል ለወራት ዋጥኩ፤ ብብቴ ስር ውስጥ ለውስጥ የተቦረቦረው በቀዶ ሕክምና ተከፍቶ ከታች ወደ ላይ እየሞላ ዳነ፤ ጠባብ ልብስ ተውኩ፤ ቀስ በቀስም ከላይኛው መደርደሪያ ሳሙና ማውረድ ቻልኩ። በሽታው ጨርሶ አልለቀቀኝም፣ ግን ልኩን አውቋል።

ተራዬ ተመለሰልኝ። ማኅበርተኛው ቤቴ ሞልቶ ሳለ እትዬ ተነሥተው ጉሮሮአቸው ውስጥ አንድ ነገር አጉተመተሙ።

«እትዬ፣ አልተሰማም፤ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ» አልኩ።

«የሷ በሽታ ቆሻሻ አይደለም፤ አይጋባም። ልጄም አለበት» አሉ። ጽዋውን ሰጠኋቸው፤ ጠጥተው እስኪጨርሱ ፊታቸው ቆምኩ።

ሐኪሜን እግዚአብሔር ይስጠው። እናንተም እብጠቱ ከተመላለሰባችሁ አታፍርጡት፤ ቶሎ ታከሙ። ወንዶች፣ መቀመጫዬን እንዴት ላሳይ ብላችሁ አትፈሩ። ሴቶች፣ ከወር አበባችሁ ጋር የሚብስ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት። ቆሻሻ ያላችሁን ሰው ደግሞ፣ ከቻላችሁ፣ ሐኪሙ ሲናገር አጠገባችሁ አቁሙት።