የኔሬይዳ ዶሚኖ

የባራኦና ከተማዋ ልብስ ሰፊ ኔሬይዳ ለጡት ካንሰሯ ኬሞ በወሰደች ማግስት ሁሉ፣ «ከቶማሳ ጋር ዶሚኖ ልጫወት» ብላ ከቤት ትወጣለች። የምትሄደው ግን ቶማሳ ቤት ለመተኛት ነው፤ ይህን የምታውቀው ይህችው ጓደኛዋ ብቻ ናት። ቤቷ ጋደም ካለች ባሏ ይደነግጣል፣ ልጆቿ ይንሾካሾካሉ። እነሱን ማጽናናቱ ከሕመሙ ይልቅ አድክሟታል።

አንድ ቀን ትልቋ ልጇ ዩዴልካ እናቷን ፍለጋ መጣች። ቶማሳ በሩ ላይ ቆማ፣ «እናትሽ ዛሬ ድባቅ እየመታችን ነው፤ አትረብሺያት» አለቻት።

ዩዴልካ በቶማሳ ትከሻ ላይ አሻግራ ስታይ፣ እናቷ አልጋ ላይ ተዘርራ ታንኮራፋለች። የዩዴልካ ዓይኖች እንባ አቀረሩ።

«እንግዲያው ትጫወት፣ እትዬ ቶማሳ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እራቱን እኔ እሠራለሁ።»

ቤት ስትደርስም አባቷን፣ «ገና አልጨረሱም» አለችው።