የእናቴን ቃል ያሳነስኩበት ቀን

ዛሬ ጠዋት እህቴ ከአልጋዋ ሆና «ልጄን አምጡልኝ» አለች! ከደስታዬ ብዛት በእጄ የያዝኩትን የውኃ ጀሪካን ደፋሁት፤ እናቴ ግን አልተቆጣችኝም። ሕፃኗን «ይኸው እታለም» ብዬ ሳቀብላት አገላብጣ አየቻትና «ኧረ ይቺ ልጅ! ጆሮዋ ልክ እንደ አባቷ፣ የድስት ጆሮ!» አለች። ሦስታችንም ሳቅን። እህቴ ልጇን ራሷ ስትጠይቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

እህቴ ያገባችው ዳንግላ ነው። የመጀመሪያ ልጇን ግን በወጉ መሠረት እኛ ጋ፣ እንጅባራ፣ እናቷ ቤት መጥታ ወለደች። መጀመሪያ እልልታውም ገንፎውም ነበር። ጎረቤት ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ሲገባ እሷም አንገቷን ነቅነቅ ታደርጋለች። ከዚያ እሱም ቀረ። ሕፃኗን ለጡት ስናቀርብላት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። እናቴ «ብርድ ገብቷት ነው» ብላ የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ ጠቀጠቀችው፣ ክፉ መንፈስ እንዳይቀርባት ትራሷ ሥር ማጭድ አኖረች፣ ጠያቂውንም «ተኝታለች» እያለች ከደጅ መለሰችው። እኔም አብሬ ጠቀጠቅኩ። ብርድ የዘጋን መስሎን ሰው ነበር የዘጋንባት።

በአርባ አምስተኛው ቀን ክትባት ደረሰ። እኔ ከትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ ጤና ጣቢያ አገኘኋቸው። ነርሷ ሕፃኗን ከወጋች በኋላ «እናትየዋስ እንዴት ናት?» አለች። እህቴ መሬት መሬት ታያለች። እናቴ ስትፈራ አማርኛዋ ይጠፋባታል፤ በአገውኛ መለሰችላት። ነርሷ የሌላ አካባቢ ሰው ናትና አገውኛ አትሰማም፤ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

እናቴ ያለችው ይህን ነበር፦ «ልጇን ማቀፍ ትታለች። ትናንት ‹እኔ ባልኖር ለሁላችሁም ይሻል ነበር› አለችኝ። ፈራሁ።»

ከኋላችን አግዳሚው ላይ ግን ሰፈሩ ሁሉ «ሬዲዮ» የሚላት ጎረቤታችን ተቀምጣለች፤ ጆሮዋን ጥላብናለች። አፍሬ «እንቅልፍ አንሷታል ነው የምትለው» አልኩ። እናቴ ይህን የማትሰማ ሆና አይደለም። ዓይኗን ከእኔ ወደ ጎረቤታችን አሻግራ ሕፃኗን መጠቅለል ጀመረች እንጂ አላረመችኝም።

«እንግዲያው ሕፃኗ ስትተኛ አንቺም ተኚ» ብላ ነርሷ ሸኘችን።

ባጃጅ ላይ ወጣን። ሕፃኗ እናቴ እቅፍ ውስጥ ስታለቅስ እህቴ መንገዱን ታያለች። ያ ለቅሶ የሌላ ሰው ልጅ ለቅሶ ይመስል ነበር። ነገ ብናጣትስ? ብዬ አሰብኩና የሾፌሩን ትከሻ ነካሁ።

«ወንድሜ፣ አቁምልኝ!»

«አሁን አይደል እንዴ የተሳፈርሽው? ምን ረሳሽ?»

«ትልቅ ነገር። እዚሁ ጠብቁኝ፣ መጣሁ።»

ሮጬ ገባሁ። ሬዲዮ አሁንም እዚያው ናት። ብናገር ትሰማኛለች። ስለዚህ ከደብተሬ አንድ ገጽ ቀደድኩና ግድግዳ ላይ አስደግፌ የእናቴን ቃል አንድ በአንድ ጻፍኩት። እኔ ያየሁትንም ጨመርኩበት፤ ፊቷን ማዞሯን፣ ምግብ መተዋን፣ ማጭዱን ሳይቀር። «ሲስተር፣ ቅድም የተረጎምኩት ልክ አልነበረም» ብዬ ሰጠኋት።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«ጎበዝ፤ ሁሉንም ነው የነገርሽኝ። አሁን የት ናት?»

«የምን ደብዳቤ ነው?» አለች ጎረቤታችን ከአግዳሚው።

«የክትባት ነው እማማ» አለቻት ነርሷ። «እርስዎም ይወጋሉ?»

«ኧረ በማርያም!» ብላ ነጠላዋን ሰበሰበች።

ነርሷ እስከ ባጃጁ ወጥታ እህቴን አመጣቻት፤ ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገብታም በሩን ዘጋች። ብዙ ቆዩ። ሲወጡ የእህቴ ዓይን በለቅሶ አብጦ ነበር፤ ግን ቀና ብላ ትሄዳለች። ነርሷ ለእኛም ነገረችን፦ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ሕመም ነው፤ ኃጢአትም ስንፍናም አይደለም፤ ይታከማል፤ እስክትድን ግን ለደቂቃም ብቻዋን አትተዋት። ዳንግላ ላለው ባሏም ስልክ ደወለችለት። «አንተም እኮ ወልደሃል፤ ና እንጂ!» ስትለው ሰማሁ። በማግስቱ መጣ።

ከዚያ ወዲህ እህቴ ነርሷን ለብቻ ታነጋግራታለች፤ ረቡዕ ረቡዕ ደግሞ ነፍሰ ጡሮችና አራሶች ተሰብስበው የሚያወሩበት ክፍል ትገባለች። መጀመሪያ መስማት ብቻ ነበር። አንድ ቀን ከአዲስ ቅዳም ከተማ የመጣች ሴት «እኔ የበኩር ልጄን ለመውደድ ወራት ፈጅቶብኛል፤ አሁን ሲያስነጥስ እንኳ እደነግጣለሁ» ስትል እህቴ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ቤት ስንገባ «ራበኝ» አለች። እናቴም ጨርቁን ከመስኮቱ ነቀለችው። «ማጭዱ ግን ይቆይ፤ ምን ይከፋል?» አለች፤ ተውናት።

ደህና ቀንም መጥፎ ቀንም ነበር። ዛሬ ግን ልጇን ጠየቀች፤ ይህን እየጻፍኩ እንኳ ከጓዳ ስታጫውታት ይሰማኛል።

እናንተም ቤት ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረች አራስ ካለች፣ ወይም ሆዷ እየገፋ ፍርሃቷ የባሰባት ነፍሰ ጡር ካለች፣ ወደ ጤና ጣቢያው ይዛችኋት ኑ። ባሎችም ኑ፤ አብሯት የሚገባው የእህቴ ባል ብቸኛው ወንድ መሆኑ አሳፍሮታል። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው። አማርኛ የማይሆንላቸው እናት ቢኖሩ የማስተረጉመው እኔ ነኝ። አግዳሚው ቢሞላም ጠጋ ጠጋ እንላለን።