አላውቀውም ያልኩበት ቀን

ታከር በምትባል የጆርጂያ ከተማ ውስጥ፣ ከምንሠራበት መጋዘን ጀርባ ፓርክ አድርገን ምሳ ስንበላ ነው ፖሊሶች የያዙን። የምወደው ሰው እጁን አንገቴ ላይ ጣል አድርጎ ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበረም። ያን ጊዜ፣ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ፣ በጆርጂያ ሕግ የእኛ ዓይነት፣ የወንድ ለወንድ ፍቅር ወንጀል ነበር። ካቴናው ሲጠልቅልኝ የታየኝ ግን ሕጉ ሳይሆን የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ዓይን ነበር።

ያስገቡን የፖሊስ ጣቢያ ክፍል በረኪና በረኪና ይሸታል። አንድ የብረት አግዳሚ አለ፤ ነጩ መብራት ዓይን ይወጋል። አዲስ አበባ፣ በደርግ ጊዜ፣ ስልሳ ሆነን በአንድ ክፍል ታስረናል። እዚያ እንዲህ አልፈራሁም። የታሰርኩበትን ነገር ለእናቴ መንገር እችል ነበራ!

ሁለት ዓመት አብረን ኖረናል። ቤቱ በእኔ ስም ነው፤ እሱ መኖሩን ለማንም አልተናገርኩም። እንግዳ ሲመጣ ወጥቶ ይዞራል። መብራት ሳላጠፋ አንድ ቀን አቅፌው አላውቅም። ካቀፍኩትም በኋላ ተነስቼ እታጠባለሁ፣ ጀርባዬን ሰጥቼው እተኛለሁ። «ምን አድርጌህ ነው?» ይለኛል። ምን ልበለው? የምጸየፈው ራሴን ነበር፤ የምቀጣው ግን እሱን።

አስተርጓሚ ተጠራ። ቀና ስል ከቤተ ክርስቲያናችን የማውቃቸው ሽማግሌ ናቸው። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ! ፖሊሱ ያለውን ሰምተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ይህን ሰው ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም።»

አመለጠኝ። በደርግ ምርመራ የለመድነው ይሄንኑ ነበር፤ ጓደኛህን ሲያሳዩህ አላውቀውም ትላለህ፣ ነፍሱን ታተርፋለህ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ነገሩን ሊተዉት ነው፤ አንተን ይለቁሃል። እሱ ግን በስሙ አድራሻ ስለሌለው ሊያቆዩት ነው። አብሮኝ ይኖራል ካልክ አብራችሁ ትወጣላችሁ።»

እሱ አጠገቤ ተቀምጧል። የእኔን አፍ ይጠብቃል። አሁን ልማድ ነው ብዬ የማመካኝበት ነገር አልቀረኝም።

«አላውቀውም አልኩ እኮ፣ አባባ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። በሩ ተከፈተልኝ።

እሱ ተነሳ። ሊመታኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ቢመታኝም ይገባኝ ነበር። ሲጎትቱኝ የተከፈተውን የሸሚዜን ቁልፍ ቆለፈልኝ፣ ኮሌታዬን አስተካከለልኝ። በዚያ ሁሉ ብርሃን፣ በሽማግሌው ፊት።

«ሂድ በቃ፣ ቤትህ ግባ» አለኝ። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አምስት ቀን አቆይተው ፈቱት። ልብሱን ሊወስድ እንኳ አልመጣም። እኔም ወጥቼ ልፈልገው ወኔ አጣሁ፤ አፈር ልብላ።

አሁን ማሪዬታ በምትባል ሌላ ከተማ ብቻዬን እኖራለሁ። አርጅቻለሁ። ሕጉም ቀርቷል፤ ሽማግሌውም ያዩትን ለማንም ሳይተነፍሱ አረፉ። ዛሬ የሚጠይቀኝ የለም እንጂ፣ አውቀዋለሁ። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ሽንኩርት ሲከትፍ ያንጎራጉራል። ሲቆጣ እንኳ ክፉ ቃል አይወጣውም። አብሮኝ ይኖር ነበር።