ባለሙያዋና ኢንጂነሯ

የአባታችንን ሬዲዮ የፈታታችው ታናሽ እህቴ ናት፤ መልሼ የገጠምኩት እኔ ነኝ። አባዬ ከሥራ ሲገባ እሷ ብሎን ታቅፋ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፣ ሬዲዮው ጠረጴዛው ላይ ዜና ያወራል። "ይቺ ልጅ ኢንጂነር ነው የምትሆነው!" ብሎ ብድግ አደረጋት። ውሃ ሳቀርብለት ደግሞ እንዳይከፋኝ ብሎ "ትልቋማ ባለሙያ ናት" አለ። ነገሩ ይገባችኋል፤ ወንድ ባለሙያ ሲባል ሥራ አዋቂ ነው፣ ሴት ባለሙያ ስትባል ማጀት ትገባለች። እኔም ገባሁ።

እናታችን ስትታመም ትምህርቴን አቋርጬ ቤቱን ያዝኩ። ኢንጂነሯ ዩኒቨርሲቲ ገባች። በክፍሏ ሴቶቹ ሦስት ብቻ ነበሩ አሉ። አንድ አስተማሪ "አንቺን ደግሞ ከሲሚንቶ ጋር ምን አገናኘሽ?" ቢላት "ጠመኔውን ይስጡኝና ላሳይዎት" ብላ ሰሌዳው ላይ ስሌቱን ሠርታ አሳየችው። ይህን ታሪክ አባዬ ለጎረቤት ሲያወራ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሻዩን የማቀርበው እኔ ነበርኩ።

ኋላ በአጭር ኮርስ ቴክኒሻን ሆኜ ኮንክሪት የሚመረመርበት ላቦራቶሪ ተቀጠርኩ። አሥራ አራት ዓመት ኪዩብ ሰበርኩ። ኪዩብ ማለት ስድስት ፊት ያለው የኮንክሪት ናሙና ነው፤ ከግንባታው ኮንክሪት ተቀንሶ በብረት ሻጋታ ይሞላል፣ ሃያ ስምንት ቀን ውሃ ውስጥ ይከርማል፣ ከዚያ ማሽን እየተጫነው ምን ያህል እንደሚችል ይታያል። በአሥራ አምስተኛው ዓመት አዲስ ኃላፊ መጣች። ማን ትሁን? ኢንጂነሯ! ቤት ውስጥ "እትዬ" የምትለኝን ልጅ ቢሮ አንኳኩቼ እገባ ጀመር። "እህትሽኮ ጎበዝ ናት" ሲሉኝ "ተመስገን" እላለሁ። አፌና ሆዴ ለየቅል ነበሩ።

አንድ ሰሞን ከፈቃድ ስመለስ፣ የአንድ ድልድይ ምሰሶ እንዲፈርስ የሚያዝ ደብዳቤ ላይ እህቴ ፈርማ አገኘሁ። እኔ ስለሌለሁ ሦስቱን ኪዩቦች ራሷ ሰብራ ኖሯል፤ ውጤቱ የወረደ ነው። ስብርባሪውን ገልበጥ ገልበጥ አድርጌ እንዳየሁት ነገሩ ገባኝ። የኪዩብ አምስቱ ፊቶች በሻጋታው ይለሰልሳሉ። ስድስተኛው በእጅ ስለሚስተካከል ሸካራ ነው፣ ቁጥር የምጽፈውም እሱ ላይ ነው። ማሽኑ ውስጥ ሲገባ ይህ ፊት ወደ ጎን መዞር አለበት። እሷ ግን ቁጥሩን እያነበበች ወደ ላይ አድርጋዋለች፤ የማሽኑ ጫና ምልክት ያረፈው ቁጥሩ ላይ ነበር። ሸካራው ፊት ጭነቱን እኩል ስለማይቀበል ጤነኛው ኮንክሪት ያለ ጊዜው ተሰበረ።

አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ዝም ብል ምሰሶው ይፈርሳል፣ ግንባታውን የያዘው ተቋራጭ ፍርስራሹን ሌላ ቦታ አስመርምሮ ደህና መሆኑን ያረጋግጣል፣ የኢንጂነሯ ስም አፈር ድሜ ይበላል። እስከ ምሳ ሰዓት ዝም አልኩ። ምሳው ግን አልዋጥልሽ አለኝ። ለእሷ አዝኜ አይደለም፤ ጤነኛ ኮንክሪት በሐሰት ሲወነጀል አላስቻለኝም። የውሃ ገንዳው ውስጥ ከዚያው ምሰሶ የተወሰደ አንድ መጠባበቂያ ኪዩብ ቀርቶ ነበር፤ አወጣሁትና ጠራኋት።

"ቁጥሩን ወዴት አድርገሽው ነበር?"

"ወደ ላይ ነዋ! አለዚያ በምን አነበዋለሁ?"

"አንብበሽ ስትጨርሺ ወደ ጎን ታዞሪዋለሽ።"

ፊቷ አመድ መሰለ። ማሽኑን አስነሳሁት። ኪዩቡ ከሚጠበቅበት በላይ ቻለ።

"እትዬ፣ ጉድ ሠርቼ ነበር" አለች ቀስ ብላ። መሥሪያ ቤት ውስጥ እትዬ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው።

ከምሰሶው ራሱ ናሙና ተቆርጦ ሲመረመርም ውጤቱ ያው ሆነ። የተቋራጩን ሰዎች ጠርታ ደብዳቤውን ፊታቸው ቀደደችው። "ስህተቱ የእኔ ነው። ያገኘችው እሷ ናት፤ የዚህ ቤት ባለሙያ እሷ ናት" አለች።

ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅኩት ቃል ነበር። ገና ሳላጣጥመው ከሰዎቹ አንዱ ወደ እኔ ዞረና "ባለሙያ ከሆኑማ አንድ ቀን ምሳ ይጋብዙን እንጂ!" አለ። ሁሉም ሳቁ። እሷ ብቻ አልሳቀችም፤ ይሄም አናደደኝ። ከዚያ ተራ በተራ እጇን እየጨበጡ "ጥፋቱን በሰው ፊት የሚያምን ኢንጂነር ዛሬ የት ይገኛል?" ይሏት ጀመር።

መጥረጊያዬን አንስቼ ስብርባሪውን መጥረግ ያዝኩ። መሳሳት እንኳ ያምርባታል።