የሽጉጡ ሆድ እና የዳጣው ሳሕን

ደስታን ለሰው ልጆች ያልነፈገ እግዚአብሔር ስሙ የተመሰገነ ይሁን። በእርሱ ስም ጀምሬ፣ የልጅ ልጄ ሰርግ በሽጉጥ ምክንያት ሊቀር የደረሰበትን ቀን እተርካለሁ።

የሙሽራው አጎት የሰርጉን ቀን ለመቁረጥ ከሁምቦ ወደ ሶዶ፣ ወደ ቤታችን በመጡ ጊዜ ሽጉጣቸውን ታጥቀው ነበር። ፈቃድ ያለው፣ አፎቱም በቅባት የተወለወለ ነው። የሙሽራይቱ እናት የሆነችው ልጄ ቁርጡንና የሚያቃጥለውን ዳጣ ከፊታቸው አኑራ አልተቀመጠችም።

«ጋሼ፣ ይህ ነገር ወደ ሰርጉ የሚመጣ ከሆነ ልጄን አልድርም። በደስታ በተተኮሰ ጥይት የሞተች ሴት ቀብር ላይ ቆሜአለሁ።»

«እኔ በሰርግ ተኩሼ አላውቅም!» አሉ ተቀይመው። «የምታጠቀው ለክብር ነው።»

እኔ በጉባኤ ቤት አንዱን የመጽሐፍ ቃል «አንድም» እያልኩ ስፈታ ያረጀሁ ሰው ነኝና፣ የማላውቀውን መጠየቅ አላሳፈረኝም።

«አማቻችን፣ እስቲ ይህን የሽጉጥዎን ንባብ ይተርጉሙልኝ። እያንዳንዱ ነገር ለምን ተሠራ?»

ፊታቸው በራ። አፈሙዙን ወደ መሬት አዘቅዝቀው፣ ጣታቸውን ከምላጩ አርቀው ያስተምሩኝ ጀመር።

«በምላጩ ዙሪያ ያለው ቀለበት ልብስ ወይም ጣት ሳይታሰብ እንዳይነካው ነው። ይህች መጠበቂያ ስትዘጋ ምላጩ አይሳብም። እጀታው የሻከረው፣ በእኛ አገር ሙቀት እጅ ሲያልበው እንዳያመልጥ ነው። ካዝናው ደግሞ ይህን ሲጫኑት ከነጥይቱ ይወጣል።»

«ድንቅ ነው! ከነገሩኝ የሚበዛው ያለ ፈቃድ እንዳይተኩስ የተሠራ ነው። ሠሪው ከእርስዎ ይልቅ ከልጄ ጋር ሳይስማማ አልቀረም።»

ሳቁ። «እንግዲያውስ ካዝናው ለእርሷ፣ ሽጉጡ ለእኔ» ብለው ካዝናውን ሰጧት።

እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ እጄን ዘርግቼ ምርቃት ጀመርኩ።

«ቆይ አባዬ» አለች ልጄ። «ሆዱ ውስጥስ?»

«ባዶ ነው፤ እንድታምኚ ግን እዪ» ብለው የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ሳቡት። አንዲት ጥይት ተስፈንጥራ ወጣችና የዳጣው ሳሕን ውስጥ ጧ ብላ ወደቀች።

ልጄ ሳሕኑን ተመልክታ፣

«ጋሼ፣ ዳጣችን ማቃጠሉ አንሶዎት ነው?» አለች።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እርሳቸውም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አባታችን፣ ይህ ወደ ኋላ የሚሳበው ብረት ለምን እንደተሠራ ሳልነግርዎት ቀረሁ። እንደ እኔ ካዝና አውጥቶ ጨረስኩ ለሚል ሰው ነው። አንቺ ልጅ፣ ልክ ነሽ። በሰርጉ ቀን ሽጉጡ ቤቴ ተቆልፎበት ይውላል።»

በጉባኤ ቤት ስንት ትርጓሜ ሰምቻለሁ፤ ንባቡ ራሱ ሳሕን ውስጥ ዘሎ የገባበትን ግን አልሰማሁም።

ቃላቸውን ጠበቁ። በሰርጉ ቀን ነጭ ለብሰው፣ ወገባቸውን በነጠላ ብቻ አስረው መጡ፤ ከጎረምሶቹም ቀድመው ጨፈሩ። የሰፈራችን ሴቶች «ጋሼ፣ ወገብ እንዲህ ይቀላል እንዴ!» እያሉ በእልልታ ከበቧቸው። ልጄም ከሁሉ አስበልጣ እልል አለች።

አንባቢዬ ሆይ፣ ደጅህ የሠርገኛ መግቢያ ይሁን፤ ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ፤ በቤትህ የሚሰማው ድምፅ ሁሉ የደስታ ይሁን። አሜን።